መብራት ሲመጣ የሚጠፋው ኢንተርኔት፦ ግንፍሌ ላይ ያጋጠመ የአንድ ራውተር ጉዳይ

ጥር 5 ቀን 2017፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ዋይፋዩ አለ፤ ግን አይሠራም» አሉኝ።

ይህን አነጋገር እወደዋለሁ። በሁለት ቃል ግማሹን ምርመራ ይጨርሳል። ዋይፋዩ አለ ማለት ራውተሩ በርቷል፣ ስልኩም ተገናኝቷል ማለት ነው። አይሠራም ማለት ከዚያ ወዲያ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ማለት ነው።

«ከመቼ ጀምሮ እትዬ?»

«መብራት ከመጣ ጀምሮ። ነቅዬ ሰካሁት፤ ወይ ፍንክች።»

ልቤ ደነገጠ። ከሁለት ወር ገደማ በፊት ኅዳር 3 ቀን በዚሁ ቃል ደውለውልኝ ነበር። ያኔ ሄጄ አስተካክዬዋለሁ ብዬ ነው የወጣሁት። አሁን ደግሞ ጥምቀት ስድስት ቀን ቀርቶታል። አሜሪካ ያለችው ልጃቸው በከተራ ዕለት በኢሞ እንድትደውል ቀጠሮ ይዘዋል። የአክስቴ ቤት አራት ኪሎ ግንፍሌ ነው፤ ከጃን ሜዳ ሩቅ አይደለም። በየዓመቱ ታቦታቱ ሲያልፉ በረንዳ ላይ ቆመው ስልኩን ወደ ውጭ ያዞሩላታል። ልጅቷ የምትጠብቀው ያንን ነው።

ራውተሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ኃላፊነቱም የእኔ ነው። ያገለገለ ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ7፣ ሁለተኛው እትም ነው። 16 ሜጋባይት ፍላሽ (ፋይል ማስቀመጫ)፣ 128 ሜጋባይት ራም (ጊዜያዊ የሥራ ቦታ) አለው። ለዛሬ ዘመን ትንሽ ይመስላል፤ ለራውተር ግን ይበቃል። 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ብቻ ባላቸው ርካሽ ራውተሮች ላይ ፈርምዌሩን፣ ማለትም ራውተሩን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ መቀየር አልመክርም። ቦታ ስለሚያልቅባቸው የቀየርከውን ሴቲንግ እንኳ አስቀምጠው አያድሩም።

የፋብሪካውን ፈርምዌር አውጥቼ ኦፕን-ደብሊውአርቲ ጫንኩበት። ይህ ነፃ ፈርምዌር የተጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። መነሻው ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ለሕዝብ የተለቀቀው የሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ ራውተር ኮድ ነበር፤ ስሙም ከዚያ መጣ። እኔ የፈለግኩት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ልጅቷ ስትደውል የልጅ ልጃቸው በሌላ ስልክ ቪዲዮ መላክ ከጀመረ ድምፁ ይቆራረጣል። ኦፕን-ደብሊውአርቲ ላይ ኤስኪውኤም የሚባል ወረፋ አስያዥ አለ። ፍጥነቱን ከመስመሩ ትክክለኛ አቅም 10 ወይም 15 በመቶ ዝቅ አድርገህ ስትሰጠው ወረፋው ሞደሙ (መስመሩን ቤት የሚያስገባው መሣሪያ) ላይ መከመሩ ይቀርና ራውተሩ ራሱ ያስተናግደዋል። ትንንሾቹ የድምፅ ጥቅሎች ከትልቁ ቪዲዮ ኋላ አይታገቱም። በዚህ በኩል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንከን አልነበረውም።

የጫንኩት መስከረም 20 ቀን ነው። ከሰው በተዋስኩት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያግዝ ባትሪ) ላይ ሰክቼ ነበር የሠራሁት። ፈርምዌሩ እየተጫነ መብራት ከሄደ ራውተሩ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ መውጫ አዘጋጅቼ ነበር። ይህ ሞዴል የሪሴት ቁልፉ ተጭኖ ሲበራ፣ አድራሻው 192.168.0.66 ከሆነ ላፕቶፕ ላይ የማዳኛ ፋይል ይጠይቃል። ደግነቱ አላስፈለገም።

የመጀመሪያው እንቅፋት ግን ያኔውኑ ገጠመኝ፤ ብዙ ሰው ስለሚጥል ልንገራችሁ። ኦፕን-ደብሊውአርቲ ሲጫን ለራሱ የሚሰጠው አድራሻ 192.168.1.1 ነው። እዚያ ቤት ያለው የመስመሩ ሞደምም 192.168.1.1 ነው። ሁለት ቤት አንድ የቤት ቁጥር ይዘው ፖስተኛው የት ይሂድ? ራውተሩን 192.168.10.1 አደረግኩት፤ አለቀ። ሌላው ደግሞ ዋይፋዩ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ በገመድ ገብተህ ራስህ ማብራት አለብህ። ይህን የማያውቅ ሰው ራውተሩ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል።

ከዚያ አንድ ነገር ጨመርኩ። ዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት፣ በተለምዶ ጥያቄው ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው። በመንገድ ላይ ያለ ሁሉ ማን ምን እንደጠየቀ ያነባል። ስተቢ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አስገባሁ። ጥያቄውን መስጥራ በፖርት 853 ለአንድ የውጭ አገልግሎት ትልካለች። የዚያን አገልግሎት ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫ) ሳታረጋግጥ መልስ እንዳትቀበል አድርጌ አጠበቅኳት። ነገሩ የተጠነሰሰው እዚህ ላይ ነው።

ጥቅምት ወር ላይ መብራት ብዙ ጊዜ ጠፋ። መብራቱ በመጣ ቁጥር ራውተሩ ተነስቶ ሠራ። ኅዳር 3 ላይ ግን እምቢ አለ። ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ዲኤንኤሱ እንደማይመልስ ወዲያው ታወቀኝ፤ ስለዚህ ጥያቄው ለጊዜው ወደ ሞደሙ እንዲሄድ አደረግኩ። ኢንተርኔቱ መጣ። ወደ ስተቢ መለስኩት፤ አሁንም ይሠራል። «በቃ፣ ያ የውጭ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር፤ አሁን ተመለሰ» አልኩ። እግረ መንገዴን ሰፈሩ በሙሉ የሚጋፋበትን የዋይፋይ ቻናል 6 ትቼ ወደ 11 ቀየርኩ። ነቅዬ ሰካሁት፤ ተነስቶ ሠራ። አክስቴ ቡና አፍልተው ስለነበር ጠጥቼ፣ ተመራርቄ ወጣሁ።

ያን ቀን አንድ ነገር ዓይኔ ሥር አልፏል። ሎጉ (ራውተሩ የሥራውን ታሪክ የሚመዘግብበት) ላይ ያለው ሰዓት 16:10 ይላል። ስልኬ ከምሽቱ 12:15 ይላል። ራውተሩን የአዲስ አበባ ሰዓት ላይ አላደረግኩትም፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። በልቤ ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ አንድ ሰዓት ያህል ሳተብኝ። እኔው ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ አለፍኩት። ቀኑን ጭራሽ አላየሁትም።

ይህ የሰነፍ ስህተት አይመስለኝም፤ እኛ ዘንድ ያለ ነገር ነው። እዚህ ከተማ የሚኖር ሰው ሁለት ሰዓትና ሁለት ዘመን ይዞ ነው የሚውለው። ስልኩ 3 ሰዓት ሲል ኢሜይሉ 9 ይለዋል። ደረሰኙ በአንዱ፣ የባንክ መልእክቱ በሌላው ይመጣል። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ያልጠበቅነውን ሰዓት ሲያሳየን አንደነግጥም፤ እንደምራለን፣ እንቀንሳለን፣ እናልፋለን። የተሳሳተ ሰዓትና የሌላ አገር ሰዓት በዓይን አይለዩም። ኅዳር ላይ ያጠፋሁት ይህን ነው።

ጥር 5 ስሄድ ለራሴ አንድ ትእዛዝ ሰጠሁ፦ ምንም ሳልነካ መጀመሪያ ላንብብ። ራውተሩ እንደወትሮው ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ሥር ነው። ዳንቴሉን አንስቼ በገመድ ላፕቶፔን አገናኘሁ።

ከቅርብ ወደ ሩቅ ፒንግ አደረግኩ፤ ማለትም እያንዳንዱን «አለህ?» ብዬ ጠየቅኩ። ራውተሩ መለሰ። ሞደሙ መለሰ። ውጭ ያለው የጉግል አድራሻ 8.8.8.8 መለሰ፤ ስለዚህ መስመሩ ደህና ነው፣ እስከ ውጭ ድረስ ይደርሳል። ስም ስጠይቅ ዝም። ያንኑ ስም በቀጥታ ሞደሙን ስጠይቀው መለሰልኝ። ታዲያ የተዘጋው ራውተሩ ውስጥ ያለው ዲኤንኤስ ብቻ ነው። የውጭው አገልግሎት ተቋርጦ ይሆን? በስልኬ ዳታ ስሞክረው ይሠራል። የኅዳሩ ግምቴ እዚያው ወደቀ።

ስተቢን አስቁሜ፣ ሎጓን ዝርዝር አድርጌ በእጅ አስነሳኋት። ሴቲንግ አልቀየርኩም፤ ለዚያች ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ስም ጠየቅኩ። መስመሮቹ ወረዱ። መጨረሻው ላይ ስህተት ቁጥር 9 አለ። ትርጉሙ «ሰርተፍኬቱ ገና አልጀመረም» ነው።

ገና አልጀመረም? ጊዜው አልፎበታል ቢለኝ ይገባኝ ነበር። ሰርተፍኬት ሁለት ቀን አለው፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት። ገና አልጀመረም የሚል ሰው ራሱ ኋላ ቀርቶ ካልሆነ በቀር እንዴት እንዲህ ይላል? ቴርሚናሉ ላይ ቀኑን ጠየቅኩት።

ኖቬምበር 12 አለኝ።

ለአፍታ እኔም ግራ ገባኝ፤ ወዲያው ወደኛ መለስኩት። ኖቬምበር 12 ማለት ኅዳር 3 ነው። ያ ቡና የጠጣሁበት ምሽት። ራውተሩ ከሁለት ወር በፊት ላይ ቆሞ ቀርቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስልካችንና ላፕቶፓችን ሲጠፉም ሰዓት ይቆጥራሉ፤ ባትሪ አላቸው። የቤት ራውተር ግን በአብዛኛው የሰዓት ባትሪ የለውም። መብራት ሲሄድ ጊዜም አብሮ ይሄድበታል። ኦፕን-ደብሊውአርቲ ለዚህ ጊዜያዊ መላ አለው። ሲነሳ የሴቲንግ ፋይሎች ያሉበትን ማህደር ያያል፤ ከሁሉ በኋላ የተነካው ፋይል መቼ እንደተነካ ያነባል፤ «ቢያንስ ከዚህ ቀን ወዲህ ነን» ብሎ ሰዓቱን እዚያ ላይ ያደርጋል። ከዚያ ኢንተርኔት ሲያገኝ ኤንቲፒ በሚባለው አገልግሎት ትክክለኛውን ሰዓት ጠይቆ ያስተካክላል። በጎ ሐሳብ ነው። በአብዛኛው ቤትም ይሠራል።

እኛ ቤት ግን እኔ የጨመርኩት ነገር ቋጠሮ ፈጠረ። የሰዓት አገልጋዮቹ የተጻፉት በስም ነው። ስማቸውን ወደ አድራሻ ለመቀየር ዲኤንኤስ ያስፈልጋል። ዲኤንኤሱ ሰርተፍኬት ካላረጋገጠ አይመልስም። ሰርተፍኬት ለማረጋገጥ ትክክለኛ ቀን ያስፈልጋል። ትክክለኛ ቀን ደግሞ ከሰዓት አገልጋዩ ነው የሚመጣው። ቁልፉ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል።

ታዲያ ጥቅምትን በሙሉ እንዴት ሠራ? ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ ነገሩ አልተፈታም ማለት ነው። ላፕቶፔን በስልኬ ዳታ አድርጌ የአገልግሎቱን ሰርተፍኬቶች ታሪክ ፈለግኩ። በየ60 ቀኑ ገደማ ይታደሳል። መስከረም ላይ የነበረው ከነሐሴ 25 የሚጀምር ነው። ቀጣዩ ከጥቅምት 20፣ የአሁኑ ከታኅሣሥ 20። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። መጀመሪያ ሴቲንግ ያስቀመጥኩት መስከረም 20 ነው። መብራት ሲመጣ ራውተሩ መስከረም 20 ላይ ይነቃል። ሰርተፍኬቱ ነሐሴ ላይ ስለጀመረ ችግር የለም፤ ስም ያገኛል፣ ሰዓቱንም ያስተካክላል። ጥቅምት 20 ላይ ሰርተፍኬቱ ታደሰ። ራውተሩ ያኔ በርቶ፣ ትክክለኛውን ሰዓት ይዞ ስለነበር አልተሰማውም። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ መብራት የጠፋው ኅዳር 3 ነው። መስከረም ላይ ነቃ። በእሱ ቆጠራ አዲሱ ሰርተፍኬት ገና ሊወጣ አንድ ወር ይቀረዋል።

በእኔ «ጥገና» የዳነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዲኤንኤሱን ወደ ሞደሙ ሳዞር ኤንቲፒ መንገድ አገኘና ሰዓቱ ተስተካከለ። ከዚያ ቻናሉን ቀይሬ ሳስቀምጥ የመጨረሻው ፋይል ቀን ኅዳር 3 ሆነ። ማህደሩን ገብቼ አየሁት። ከሁሉ አዲሱ ፋይል የዋይፋዩ ሴቲንግ ነው፤ ቀኑም ኖቬምበር 12። የራሴን የእጅ አሻራ ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ታኅሣሥ 20 ላይ እንደገና ታደሰ፤ ጥር 5 ላይ መብራት ጠፋ፤ ያው ታሪክ ተደገመ።

አክስቴ አጠገቤ ቆመው ይከታተላሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሳይገባቸው አያልፉም። «እኔ እኮ ምንም አልነካሁም» አሉ።

«እሱ ነው እትዬ። ማንም ስላልነካው ነው።»

ነገሩ ይኸው ነው። ብልሽት ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ነካችሁ?» ብለን ነው። እዚህ ቤት ግን መልሱ ተቃራኒው ነበር። አንድ ሴቲንግ እንኳ በየጊዜው ቢነካ ኖሮ ችግሩ አይታይም ነበር። ሁላችንም የምንመክረው «ነቅለህ ሰካው» ደግሞ እዚህ መርዝ ነው። አክስቴ በነቀሉት ቁጥር ራውተሩን ወደ ኅዳር እየመለሱት ነበር።

ግምት እንዳይሆን በተግባር አየሁት። ሌላ ምንም ሳልነካ ቀኑን ብቻ በእጄ ጃንዋሪ 13 አደረግኩ። በሴኮንዶች ውስጥ ስሞቹ መመለስ ጀመሩ። ነቅዬ ሰካሁ፤ ኖቬምበር 12፣ ዝም። እንደገና ቀኑን ሞላሁ፤ ሠራ።

መፍትሔው ላይ ትንሽ አሰብኩ። የሰዓት አገልጋዮችን በስም ፋንታ በቁጥር መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ስለሆኑ ቁጥሩ ይቀየራል። የዛሬን ችግር ለከርሞ ማስተላለፍ ነው። ለራውተሩ ሚኒ ዩፒኤስ መግዛትም አለ፤ አሁን ብዙ ቤት ገብቷል፣ ለራሱም ጥሩ ነው። ግን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። መብራቱ ከባትሪው በላይ የጠፋ ቀን ያው ነው። አክስቴ «ካስቸገረህ ያን የጨመርከውን አውጣው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለአንድ ቤት ግድ አይደለም። እኔ ግን ሰው በገዛ ቤቱ የሚጠይቀው ነገር የራሱ ብቻ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ አላወጣሁትም።

ያደረግኩት ይህን ነው። በሉሲ፣ ማለትም በኦፕን-ደብሊውአርቲ የአስተዳደር ገጽ፣ ዲኤንኤስ ፎርዋርዲንግ የሚል ቦታ አለ። እዚያ የሰዓት አገልጋዮቹ የሚጋሩትን ስም ብቻ ለይቼ በቀጥታ ሞደሙን 192.168.1.1ን እንዲጠይቅ አደረግኩ። ሌላው ሁሉ በስተቢ በኩል ተመስጥሮ ይሄዳል። በግልጽ የሚወጣው «ስንት ሰዓት ነው?» የሚለው ብቻ ነው፤ ያ ምስጢር የለውም፤ ኤንቲፒ ራሱም እዚያ ራውተር ላይ ያልተመሰጠረ ነው። ሁለተኛ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንዲት ፋይል በራሷ እንድትነካ አዘዝኩ። ስለዚህ መብራት ቢጠፋም ራውተሩ የሚነቃው ቢበዛ ትናንት ላይ ነው። በቀን አንዴ መጻፍ ፍላሹን አይጎዳውም። ሦስተኛ፣ ሰዓቱን የአዲስ አበባ አደረግኩት፤ ከእንግዲህ ሎግ ሳነብ መደመር መቀነስ እንዳይኖር።

ሙከራው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልግ ነበር። ኅዳር ላይ ነቅዬ ሰክቼ «ሠራ» ያልኩት ሐሰተኛ ፈተና ነበር። አሁንም ሴቲንግ ስላስቀመጥኩ የፋይሉ ቀን የዛሬ ሆኗል፤ መፍትሔዬ ባይሠራ እንኳ ራውተሩ ተነስቶ ይሠራል። ስለዚህ ከመስከረም 20 ወዲህ የተነኩትን ፋይሎች ቀን በሙሉ ሆን ብዬ ወደ መስከረም 20 መለስኩ። ከዚያ ቆጣሪው ጋ ሄጄ የቤቱን መብራት በሙሉ አጠፋሁ። አንድ ደቂቃ ጠብቄ አበራሁ።

ሎጉ ሴፕቴምበር 30 ብሎ ጀመረ። ስተቢ ስህተት 9፣ ስህተት 9፣ ስህተት 9 አለች። ሦስት ሰው ላፕቶፑ ላይ አጎንብሷል፤ የልጅ ልጃቸውም መጥቷል። ከዚያ በአንዴ ቀጣዩ መስመር ጃንዋሪ 13 ሆነ። ከሦስት ወር በላይ በአንድ መስመር ዘለለ። ልጁ ስልኩን አንስቶ «ገባ!» አለ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ተነሳ።

ስወጣ በትንሽ ወረቀት ጽፌ ራውተሩ ጎን ለጠፍኩ፦ «መብራት ሲመጣ 3 ደቂቃ ጠብቁ። አትንቀሉ።» አክስቴ ዳንቴሉን መልሰው ሊያለብሱት ሲሉ ይሞቀዋል ብዬ ከለከልኳቸው። አጥፈው ሥሩ አነጠፉለት።

በከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ አልደወሉልኝም። በማግስቱ ለጥምቀት ቤታቸው ስሄድ ሎጉን ከፍቼ አየሁት። ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ራውተሩ ተነስቷል፤ መብራት ጠፍቶ መጥቷል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች የዚያኑ ሌሊት 8 ሰዓት ይላሉ። ከዚያ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይዘላሉ። «ትናንት መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ እትዬ?» አልኳቸው።

«ጠፍቶ ነበር፤ ታቦቱ ሳይደርስ መጣ» አሉኝ፣ ዳቦ እየቆረሱ።